«ሌጅዮነር» ሁሉ ቅጥረኛ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ልኮልኛል። ሐሳቡ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ሌጅዮነር ማለት ከጥንት እስከ ዛሬ በገንዘብ የተገዛ ቅጥረኛ ነው። የሮሙም የፈረንሳዩም ያው ነው። በወንጌል «ሌጌዎን» የተባለው ጋኔን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ክፋት ነው፤ ቁጥሩም 6,000 ነው። «የክብር ሌጅዮን» የሚባለው የፈረንሳይ ሜዳሊያም ለእነዚሁ ገዳዮች የሚሰጥ ነው። «የሌጅዮነሮች በሽታ» የሚባለው ደግሞ ከጦር ሰፈራቸው የወጣ፣ እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው የሚጋባ ነው።

ጸሐፊው ብዕራቸው ይጣፍጣል። እኔም እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ነው ያነበብኩት። ግን አምስት ነገር ብለው አራት ተኩሉን ስተዋል። ልክ የሆኑባትን ግማሽ ስንደርስባት አነሳታለሁ። ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በቃሉ ልጀምር። ላቲኑ «ሌጊዮ» ነው። «መሰብሰብ፣ መምረጥ» ከሚል ግስ ይወጣል። በጥንታዊት ሮም ዘመቻ ሲመጣ ዜጎች ይጠሩና የሚሆኑት ይመረጡ ነበር። ሌጊዮ የተባለው ያ ምርጫ ነው። ቃሉ ውስጥ ገንዘብ የለም። ወደ እኛ አፍ የገባው ደግሞ በሁለት በር ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ በኩል የመጣው «ሌጌዎን» ሆነ። በፈረንሳይኛ በኩል የመጣው «ሌጅዮን» ሆነ። ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ጸሐፊው ማገናኘታቸው ጥሩ አድርገዋል። ያገናኙበት ክር ነው የተሳሳተው።

«የሮም ሌጅዮነር ከተሸነፉ ሕዝቦች መካከል በገንዘብ የተገዛ ነበር» ይላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌጅዮን ውስጥ ለመግባት የሮም ዜጋ መሆን ግድ ነበር። ከተሸነፉት ሕዝቦች የሚመለመለው ሌላ ጦር ነው። «አውክሲሊያ» ይባላል፤ ረዳት ጦር ማለት ነው። የረዳት ጦሩ ወታደር 25 ዓመት አገልግሎ ሲጨርስ ዜግነት ይሰጠዋል። ማስረጃውም በነሐስ ላይ ይቀረጽለታል። እነዚህ የነሐስ ሰሌዳዎች ዛሬም በየሙዚየሙ አሉ። ሌጅዮነሩ ግን ዜግነቱን ይዞ ነው የሚገባው። በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ይህ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በ212 በግዛቱ ላሉ ነጻ ሰዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ዜግነት ሲሰጥ ነው አጥሩ ትርጉም ያጣው።

ደመወዝ ነበረው ወይ? አዎ፣ ነበረው። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን በዓመት 225 ዲናር፣ በሦስት ጊዜ የሚከፈል። ከዚያ ላይ የምግቡ፣ የልብሱ ይቆረጥበታል። ደሞዙ እጁ ሳይገባ የሚያልቅበት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ትልቁ ነገር መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ነው፤ መሬት ወይም በአንድ ጊዜ 3,000 ዲናር። የ13 ዓመት ደመወዝ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ጡረታ ነው። ቅጥረኛ ሃያ ምናምን ዓመት ጡረታ አይጠብቅም። ሒሳቡን በጦርነቱ ማግስት ነው የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ሌጅዮነሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር» የምትለዋን የታወቀች ወሬ ጨምረዋል። በላቲን ለደመወዝ የሚሆነው «ሳላሪዩም» የሚለው ቃል ከጨው ጋር መዛመዱ አይካድም። ነገር ግን ወታደር በጨው እንደተከፈለው የሚናገር የዘመኑ ሰነድ የለም። ጨውን ገንዘብ አድርጎ የተገበያየ አገር ከተፈለገ እኛው አለን። አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ እስከ ጎንደርና ጎጃም ገበያ ይሄድ ነበር። ቃሉንም ካነሳን የእኛው ይበልጣል፤ ደምና ወዝ ተጋጥመው ነው «ደመወዝ» የሆኑት።

ሌጅዮነሮቹ ከእኛ አካባቢም ሩቅ አልነበሩም። ከአዱሊስ ወደብ ማዶ፣ በቀይ ባሕር ፋራሳን ደሴት ላይ የተገኘ አንድ የላቲን ጽሑፍ አለ። በ144 ገደማ የሁለተኛው የትራያን ሌጅዮን ክፍል እዚያ ሰፍሮ እንደነበር ይናገራል። ጸሐፊው አላነሱትም። እኔ ደስ ስለሚለኝ ብቻ ነው ያነሳሁት።

«ሌጌዎን ማለት 6,000 ጋኔን ማለት ነው» የሚለውስ? ቁጥሩን መጽሐፉ አልተናገረም። አንድ ሌጅዮን በወረቀት ላይ እንዲህ ነበር፦ ስምንት ሰው በአንድ ድንኳን፣ አሥር ድንኳን አንድ መቶ አለቃ ሥር። ስሙ መቶ ይሁን እንጂ ሰዉ 80 ነው። ስድስቱ «መቶዎች» አንድ ኮሆርት ይሆናሉ፤ አሥሩ ኮሆርት አንድ ሌጅዮን። ሲደመር አምስት ሺህ አካባቢ ነው። በተግባር ደግሞ በበሽታና በዘመቻ ከዚያ ያንስ ነበር። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር የሚጠራው ለእሪያዎቹ ነው፤ «ሁለት ሺህ የሚያህሉ»። የስሙን ምክንያት ደግሞ ራሱ እዚያው ይናገራል፤ «ብዙዎች ነንና»። ስለ ክፋት ወይም ስለ ቅጥረኝነት አንድ ቃል የለም።

ጸሐፊው ጭራሽ ያላዩት ሌላ ነገር አለ። በማቴዎስ 26 ጌታ «አባቴን ብለምነው» ብሎ ስለ አሥራ ሁለት የመላእክት ጭፍሮች ይናገራል። በግሪኩ እዚያም ላይ የተጻፈው ያው «ሌጌዎን» ነው! በተለመደው አማርኛ «ጭፍሮች» ተብሎ ስለተተረጎመ ነው የማናየው። ለአጋንንት ሲሆን ቃሉን እንዳለ ተውነው፤ ለመላእክት ሲሆን ተረጎምነው። ጸበል ቦታ ቆሞ «ሌጌዎን ነኝ!» የሚል ጩኸት የሰማ ሰው ቃሉን ከጋኔን ሌላ ሊያስበው ቢቸገር አልፈርድበትም። ቃሉ ግን የብዛት ስም ነው። መልአክም ሆነ ጋኔን ይሰፈርበታል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ወደ ፈረንሳዩ የውጭ ዜጎች ሌጅዮን። ጸሐፊው «የፈረንሳይ ባንዳ» ብለውታል። «ስሙን ቀይሮ የተደበቀ ወንጀለኛ፣ ለከፈለው ሁሉ የሚተኩስ» ብለውም ጨምረዋል።

በመጀመሪያ ግማሿን ልስጥ። ሌጅዮኑ የተመሠረተው መጋቢት 10 ቀን 1831 በንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ትእዛዝ ነው። ከ1830ው አብዮት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ የውጭ ስደተኛና ሥራ ፈት ወታደር በዝቶ ነበር። መንግሥት እነዚህን ሰዎች ከከተማው ማራቅ ፈለገ። ሕጉም ከዋናው የፈረንሳይ ምድር ውጭ ብቻ እንዲሰማሩ አዘዘ። ተጭነው ወደ አልጄሪያ ሄዱ። አልጄሪያ ላይ የተሠራው ወረራ ነው፤ ደም የበዛበት ወረራ። ያንን ማንም ሊያለባብሰው አይችልም። እንዲያውም ለጸሐፊው የሚጠቅም ማስረጃ ላቀብላቸው። በ1835 ሉዊ ፊሊፕ ሌጅዮኑን እንዳለ ለስፔን ንግሥት መንግሥት አስረከበው። ወታደሮቹን «ትሄዳላችሁ ወይ» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ይህን ጠቅሰው ቢሆን ኖሮ እጄን ለመስጠት ትንሽ ነበር የሚቀረኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው። ሌጅዮኑ የፈረንሳይ መደበኛ ሠራዊት አካል ነው። መኮንኖቹ በአብዛኛው ፈረንሳውያን ናቸው። የመጀመሪያው ውል አምስት ዓመት ነው። የሚከፍለው መንግሥት ነው፤ የሚያዘውም መንግሥት። በ1977 በጄኔቫ ስምምነቶች ላይ የተጨመረው አንደኛ ፕሮቶኮል አንቀጽ 47 ቅጥረኛ ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ከመለኪያዎቹ አንዱ የተዋጊ ወገን የጦር ኃይል አባል አለመሆን ነው። ሌጅዮነሩ ደግሞ አባል ነው። እዚህ ላይ ያበቃል ክርክሩ፤ በሕግ ከሆነ የምንከራከረው።

በሕግ ሳይሆን በልብ ከሆነ ደግሞ ከሰፈራችን አንድ ታሪክ አለ። በ1940 ፈረንሳይ በጀርመን ስትሸነፍ 13ኛው የሌጅዮን ዴሚ ብርጌድ (ግማሽ ብርጌድ) ከኖርዌይ ዘመቻ ተመልሶ እንግሊዝ ነበር። ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ «አገሬ እጅ ሰጥታለች፣ እኔም እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። ከፊሉ «እጅ አንሰጥም» ካሉት ከጄኔራል ደጎል ጋር ቀረ። ደጎል ያኔ ምን ነበራቸው? ግምጃ ቤት የላቸውም፣ አገር የላቸውም፤ ያገኙት በሌሉበት የተላለፈ የሞት ፍርድ ነው። ቅጥረኛ እንዲህ ያለ አሠሪ አይመርጥም።

የቀሩት ታዲያ የት መጡ? ኤርትራ። በ1941 መጀመሪያ ከከረን ሰሜን ባለው ተራራ ላይ የጣሊያንን ጦር ገጠሙ። ሚያዝያ 8 ቀን ምፅዋ ስትያዝ እዚያው ነበሩ። በክፍሉ ባንዲራ ላይ «ከረን፣ ምፅዋ 1941» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። አዛዣቸው ሞንክላር ይባላሉ። ስሙ የራሳቸው አይደለም። ደጎልን ሲከተሉ ነው የቀየሩት፤ የልደት ስማቸው ራውል ማግራን ቬርነሬ ነው። ስም መቀየር ሁሉ ከወንጀል መሸሽ ነው ለሚሉን ጸሐፊ ይህን ሰው አስተዋውቃለሁ። እኚሁ መኮንን ከዓመታት በኋላ የጄኔራልነት ማዕረጋቸውን ትተው በሌተና ኮሎኔልነት ኮሪያ ዘምተዋል። የእኛ ቃኘው ሻለቃም ኮሪያ ነበር።

ሁሉም እንዲህ ያማረ አልነበረም። በዚያው በ1941 ሶርያ ውስጥ የደጎል ሌጅዮነሮችና ለጀርመን እጅ የሰጠው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሌጅዮነሮች ተታኩሰዋል፤ አንድ ዓይነት መዝሙር የሚዘምሩ ሰዎች። ይህን የሚያህል መከራ ግን ከታማኝነት ነው የሚመጣ። ገንዘብ ፈላጊ ቢሆኑ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ጥሎ ይሄድ ነበር።

ስለ ስም መቀየሩ ትንሽ ልጨምር። ድሮ ማንኛውም ገቢ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። ከ2010 ወዲህ ግዴታ አይደለም። ያም ሆኖ ፓስፖርቱ ይታያል፣ የጣት አሻራው ይነሳል፣ ታሪኩ ይጣራል። ከባድ ወንጀል ያለበት አይገባም። «ገዳይ ይደበቅበታል» የሚለው የድሮ ፊልም ቅሪት ነው።

«ባንዳ» የሚለውስ? ይህኛው ስድብ ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምር ሆኖ ነው ያገኘሁት። ጣሊያንኛው «ባንዳ» ጓድ፣ የታጠቀ ቡድን ማለት ነው። ጣሊያን ከአገሬው ሰው ለመለመለው ጭፍራ የሰጠው ስም ነበር። እኛ ዘንድ ከሐዲ ሆነ። ዛሬ ለጣሊያናዊ «ባንዳ» ስድብ ነው ብንለው ይስቃል፤ እሱ አገር የሙዚቃ ጓድም «ባንዳ» ነው። ቃል አገር ሲለውጥ ልብስ ይለውጣል። «ላ ጋር»ን «ለገሃር» አድርገን የያዝን ሰዎች ይህን ማወቅ ነበረብን።

ለገሃርን ካነሳሁ አይቀር፣ ነፍሱን ይማረውና አጎቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጅቡቲ እየተመላለሰ ነጭ ኬፒ የደፉ ሌጅዮነሮችን አይቷል። ያ 13ኛው ዴሚ ብርጌድ ከ1962 እስከ 2011 መቀመጫው ጅቡቲ ነበር። «ሲራመዱ ቀስ ብለው ነው፤ ሲጠጡ ግን ይፈጥናሉ» ይል ነበር አጎቴ። ስለ አረማመዱ ልክ ነው። ሌላው የፈረንሳይ ጦር በደቂቃ 120 እርምጃ ሲሄድ ሌጅዮኑ 88 ብቻ ነው። ፓሪስ ላይ በሐምሌ 14 የብሔራዊ በዓል ሰልፍ ከእግረኞቹ ኋላ የሚመጡት ለዚህ ነው። ስለ መጠጡ የአጎቴን ምስክርነት እቀበላለሁ።

ጽሑፉን ከላኩልኝ ሦስት ሰዎች አንዱ ወጣት ዘመዴ ነው። ከሥሩ «ቅጥረኛም ቢሆን እንዴት ነው የሚገባው?» ብሎ ጽፎልኛል። ጸሐፊው «ለማንም ክፍት በር ነው» ስላሉ ነው። በሩ ያን ያህል ክፍት አይደለም። ምዝገባው ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ነው፤ በኤምባሲ አይደረግም። ሌጅዮኑ ቪዛ አያወጣም፣ ትኬት አይቆርጥም። ከ17 ዓመት ተኩል እስከ 39 ዓመት ተኩል ያለ ወንድ ነው የሚቀበለው። ምዝገባው በነጻ ነው። ስለዚህ «ሌጅዮን አስገባሃለሁ» ብሎ ብር የጠየቀ ሰው ካለ ደላላ ነው፣ አለቀ። ዋናው ማጣሪያ ማርሴይ አጠገብ ኦባኝ ላይ ነው። ያለፈ ካስቴልኖዳሪ ወርዶ አራት ወር ይሠለጥናል። ዜግነት ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ መጠየቅ ይቻላል። በውጊያ የቆሰለ ደግሞ ከ1999 በወጣ ሕግ መሠረት ቀድሞ መጠየቅ ይችላል፤ «በፈሰሰ ደም ፈረንሳዊ» ይሉታል። ሮማውያን ለረዳት ጦራቸው 25 ዓመት ነበር የሚያስጠብቁት። ለዘመዴ ይህን ሁሉ ጽፌ ላክሁለት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ዝም አለ።

ሌሎችም ሌጅዮኖች አሉ፤ ጸሐፊው ዘለዋቸዋል። ስፔን በ1920 ያቋቋመችው መጀመሪያ ስሙ «የውጭ ዜጎች» የሚል ቢሆንም አብዛኛው ወታደር ስፔናዊ ነበር። የቼክና የስሎቫክ ሌጅዮነሮች ገና የሌለ አገር ለመፍጠር ብለው ተዋግተው፣ ከ1918 ጀምሮ የሳይቤሪያን የባቡር መስመር ይዘው ቆይተዋል። ሩማንያ ውስጥ ደግሞ «ሌጅዮነር» ሲባል በ1927 የተመሠረተው የኮድሬያኑ ፋሽስት ቡድን አባል ማለት ነው። እዚያ ቃሉ ከቅጥረኛም የከፋ ነው። በዚህ በኩል የጸሐፊው ቁጣ ያለቦታው ፈሰሰ እንጂ የሚፈስበት ቦታ አላጣም ነበር።

የክብር ሜዳሊያው ነገር ብዙ አያስኬድም። የክብር ሌጅዮን የተመሠረተው ግንቦት 19 ቀን 1802 በናፖሊዮን ነው። ስሙን ከሮም ቢወስድም ከውጭ ዜጎች ሌጅዮን ጋር ምንም አያገናኘው። 29 ዓመት ይቀድመዋል። ገና ሲጀመር ለወታደርም ለሲቪልም ነው የታሰበው። ሉዊ ፓስተር ከፍተኛው ማዕረግ ተሰጥቶታል። አዲስ አበባ ላይ «ፓስተር» ስንል የምንጠራው የእሱን ስም ነው። ነፍሰ ገዳይ ነበር እንዴ?

የመጨረሻው በሽታው ነው። ይህኛው ላይ ቀልዱን አቆማለሁ፤ ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው።

በ1919 የአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ዘማቾች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። «የአሜሪካ ሌጅዮን» አሉት። አባሉ «ሌጅዮነር» ይባላል። ጡረተኛ ነው፤ ጠመንጃውን ካስቀመጠ ቆይቷል። በሐምሌ 1976 የፔንስልቬንያ ግዛት አባላት ፊላደልፊያ ላይ ቤልቪው ስትራትፎርድ በሚባል ትልቅ ሆቴል ተሰበሰቡ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ትኩሳትና የሳንባ ምች ያዛቸው። 221 ሰው ታሞ 34 ሞተ። ከታመሙት ውስጥ ወደ ሆቴሉ ያልገቡ፣ በደጁ በመንገድ ያለፉ ሰዎች ጭምር ነበሩ። ስለዚህ የጦር ሰፈር የለበትም። ሆቴል ነው።

ወራት ሙሉ ምክንያቱ ጠፋ። ሰዉ መርዝ ነው አለ፣ ሴራ ነው አለ። በገና ሰሞን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪ ጆሴፍ ማክዴድ ቀድሞ ያለፋቸውን የላቦራቶሪ ናሙናዎች እንደገና ማየት ጀመረ። ከባልደረባው ቻርልስ ሼፓርድ ጋር በጥር 1977 ባክቴሪያውን ይፋ አደረጉ። ሌጅዮኔላ ተባለ። ሆቴሉ ግን ያን ቀን አልጠበቀም፤ እንግዳ አጥቶ በኅዳር 1976 ተዘግቶ ነበር።

ባክቴሪያው የሚኖረው ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ፣ በቆመና ለብ ባለ ውሃ ይራባል። ከ60 ዲግሪ በላይ አይቆይም። ሰው የሚይዘው ውሃው እንደ ጉም ሲበተንና ወደ ሳንባ ሲሳብ ነው። የትልልቅ ሕንጻ አየር ማቀዝቀዣ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭበት ክፍል፣ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ሻወር፣ ለጌጥ የተሠራ ፏፏቴ፣ የሞቀ የመዝናኛ ገንዳ ዋና መነሻዎቹ ናቸው። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም ያመጣል፤ አንዳንዴም ተቅማጥና መቀባዠር። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይታያል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ አጫሾችና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ላይ ይበረታል። የታወቁት የፔኒሲሊን ዓይነቶች አይሠሩበትም፤ አዚትሮማይሲንና ሌቮፍሎክሳሲን ይሠሩበታል። ስለዚህ ሐኪሙ በጊዜ መጠርጠሩ ትልቅ ነገር ነው። ክረምቱን ሙሉ ዘግተውት የሄዱት ቤት ሲመለሱ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከመታጠቢያው ራቅ ብሎ፣ ውሃውን ትንሽ ማፍሰስ አይከፋም። ጣሪያ ላይ በፀሐይ ለብ ሲል የሚከርም ሮቶ ያለን ሰዎች ደግሞ አልፎ አልፎ ብናጥበው ጥሩ ነው።

እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው ግን አይጋባም። በ1976 ሕመምተኞቹ ቤታቸው ገብተው ቤተሰባቸው አልተያዘም። ጸሐፊው «በሽተኛውን አትቅረቡ፣ ዕቃውን አቃጥሉ» ብለው ጽፈዋል። በሳንባ ምች የተኛ አባቱን ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ይህን አንብቦ ደጅ ሊቀር ይችላል። ስለ ሮም የጻፉትን እንዳለ ቢተዉትም ግድ የለኝም፤ ይቺን መስመር ግን ዛሬውኑ ያንሱልን።